ባለቤቱ እስኪያይ አይጣል

ስልኩ ሲጮህ ሶፋ ሰሪው በአፉ ሰባት ምስማር ይዞ ነበር። የሙያው ልማድ ነው፤ አንድ እጅ ጨርቁን ይወጥራል፣ አንድ እጅ መዶሻውን ይይዛል፣ ምስማር የሚያቀብለው ምላስ ነው። ስልኩን በክርኑ ነካ አድርጎ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገው።

«በእሳት አይደለም» አለ ከወዲያ ያለው ሰው፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም።

ድምፁን አወቀው። የታላቅ እህቱ የሥራ ባልደረባ ነው፤ በእሳት ላቦራቶሪው ውስጥ ሁሉም ሰው «ባለመነጽሩ» የሚለው፣ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረው ለኪ።

«እህ?» አለ ሶፋ ሰሪው በምስማሮቹ መሀል።

«ምሳ ሰዓት ላይ ነው ያረፈችው። ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች፣ ሻይዋን እንደያዘች። ልቧ ነው ብሏል ሐኪሙ። በእሳት አይደለም ያልኩህ፣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ስለሆነ ነው። አይዞህ፣ ወንድሜ።»

ሶፋ ሰሪው ሊመልስ አልቻለም፤ አፉ ሙሉ ነው። ምስማሮቹን አንድ በአንድ እያወጣ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደረደራቸው። ሰባተኛውን ሲያስቀምጥ፣ እህቱ ሃያ ዓመት ሙሉ «ማሙሽ፣ አንድ ቀን ሲያስነጥስህ ትውጣቸዋለህ» ስትለው መኖሯ ትዝ አለው። አንድም ቀን አስነጥሶት አያውቅም። ይህን ሊነግራት ፈለገ። ከዚያ «መጣሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋና ኮቱን ገልብጦ ለብሶ ወጣ።

ማሙሽ የምትለው ይህ ሰው ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል፣ ሁለት ሴት ልጆች ድሯል፣ ባንክ ቤት ሲገባ «ጋሼ» ይሉታል። እሷ ግን በሰው ፊትም ቢሆን «ማሙሽ» ከማለት ተመልሳ አታውቅም። እሱም በስድስት ዓመት ስለምትበልጠው «እትዬ» ይላታል። ሰፈሩ ደግሞ «እትዬ ክብሪት» ይላታል፤ በፊቷም በኋላዋም። አትቆጣም። «ክብሪትማ ርካሽ ነው፤ እኔ ጋዝ ነኝ» ትል ነበር።

ሥራዋ ዕቃ ማቃጠል ነው። በር፣ ፍራሽ፣ መጋረጃ፣ የሕፃን አልጋ፣ የአውሮፕላን ወንበር፣ ሰው የሚሠራውን ሁሉ ከገበያ ቀድማ ታቃጥለዋለች፣ ሰዓት ይዛ ታየዋለች፣ ያየችውን ትጽፋለች። ወደዚያ ቤት የገባችው ግን ለታይፒስትነት ነበር። አራት ወር ያህል ሌሎች ያቃጠሉትን ሪፖርት ስትተይብ ኖረች። አንድ ቀን «በአራተኛው ደቂቃ ጣሪያው ሥር የተጠራቀመው ጭስ ራሱ ተቀጣጠለ» የሚል ዓረፍተ ነገር ደረሳት። ጭስ የእሳት ትራፊ ብቻ ሳይሆን ማገዶም መሆኑን ማን ነግሯት! የተሳሳተ ጽሑፍ መስሏት፣ ወረቀቱን ይዛ ልታስታርመው ወደ ታችኛው ፎቅ ወረደች። «ነይ እዪ» አሏትና በወፍራሙ መስታወት በኩል አሳዩዋት፤ ጭሱ እንደ ውኃ ተገልብጦ ጣሪያው ላይ ሲፈስ፣ ከዚያም ድንገት ከዳር እስከ ዳር ሲበራ። ወደ ጽሕፈት መኪናዋ የተመለሰችው ኮቷን ልትወስድ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ለዘመድ ሁሉ ጭንቅ ሆነች። ሠርግ ስትጠራ ሙሽሪትን ከማየቷ በፊት የኋላውን በር ታያለች። በሩ ተቆልፎ ከሆነ ቁልፍ ያዡ ተፈልጎ እስኪመጣ ምግብ አትቀምስም። መኝታ ቤት ክፍት ካገኘች ትዘጋለች። «የተዘጋ በር ደቂቃ ይሰጥሃል፤ ደቂቃ ደግሞ ሱቅ አይሸጥም» ትላለች። ወንድሟ ቤት እሑድ ስትመጣ ደግሞ፣ ሁሉም ሰው ዘና ማለቱን አይታ፣ ጣሪያው ላይ የሰቀለችውን የጭስ ማስጠንቀቂያ በመጥረጊያ እንጨት ትጫነዋለች። በአንድ እጇ መጥረጊያ፣ በአንድ እጇ የሩጫ ሰዓት።

ማስጠንቀቂያው ይጮሃል። የሶፋ ሰሪው ሚስት ብድግ ብላ ምድጃውን ታጠፋና ትወጣለች። ልጆቹ ሳሉ ጫማቸውን ይፈልጉ ነበር። ሶፋ ሰሪው ግን ከተቀመጠበት ሳይነሳ «ምንድን ነው?» ይላል። ቀጥሎ «ማነው እሱ?» ይላል። ቀጥሎ ሻይውን ይጨልጣል።

«አርባ አንድ ሰኮንድ!» ትላለች እህቱ። «አርባ አንድ ሰኮንድ ሙሉ ሲጠይቅ! አንተ ቤት ጭስ ቢገባ ቁጭ በል ብለህ ታስተናግደዋለህ።»

«አንቺ እንደሆንሽ እያወቅኩ ምን ብዬ ልሩጥ?»

«ሰው የሚሞተው እንዲህ ብሎ ነው፣ ማሙሽ። ሮጦ አይደለም የሚሞተው፤ 'ምንድን ነው' እያለ ነው።»

ይህን እንደ ቀልድ ብትለውም ቀልድ አልነበረም። ማስጠንቀቂያ ከጮኸበት እስከ መጀመሪያው እርምጃ ድረስ ያለችውን ጊዜ በየቢሮውና በየትምህርት ቤቱ እየዞረች ስትለካ ነው የኖረችው። ሰዎች ሲወጡ ምን ይዘው እንደሚወጡም ትመዘግብ ነበር። አንዱ የቴሌቪዥን ሪሞት፣ አንዷ የድስት ክዳን፣ አንድ የሒሳብ ሹም ደግሞ ወረቀት መብሻውን። ወንድሟ ባለፈው ዓመት ይዞ የወጣው የሻይ ብርጭቆውን ነው፤ ባዶውን።

አሁን ወደ ወንበሮቹ እንምጣ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

ከከተማው ዳር ያለ የአረጋውያን መኖሪያ ስድሳ ባለመደገፊያ ወንበር ፈለገ። ኃላፊዋ ሶፋ ሰሪውን መረጠችው፤ እጁ ያምራል፣ ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው። ግን አንድ ነገር አስቀመጠች። ወንበሩ የእሳት ፈተና ማለፍ አለበት። ሽማግሌ ቶሎ አይነሳም፤ ስለዚህ ወንበሩ ቶሎ መያያዝ የለበትም። ሶፋ ሰሪው በልቡ ጮቤ ረገጠ። ፈታኟ ማን ሆና! በአገሩ ሁሉ ያለው የእሳት ላቦራቶሪ አንድ ነው፣ ወንበር የምታቃጥለዋም አንዲት ሴት ናት፣ እሷም አዝላ ያሳደገችው ናት።

እሱ ያላሰበው፣ በማቃጠያው አዳራሽ መግቢያ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈውን ነው። «እንለካለን እንጂ አንመክርም» ይላል። ፈታኝ ለሠሪ እንዲህ አድርግ ካለ፣ በማግስቱ የሚፈትነው የራሱን ሥራ ይሆናል። ስለዚህ እዚያ ቤት ሪፖርቱ አለፈ ወይም ወደቀ ይላል፣ ስንት ደቂቃ እንደነደደ ይላል፣ ከዚያ ያበቃል። ወንድሟ በመሆኑ የአለቃዋን ፈቃድ ጠይቃ፣ ባለመነጽሩ አጠገቧ ቆሞ እንዲለካ ተደርጎ ነው ወንበሩን እንድትፈትን የተፈቀደላት።

የመጀመሪያውን ወንበር ቀይ አለበሰው። ወንበሩ ማቆያ ክፍል ገብቶ፣ በተመጠነ ሙቀትና እርጥበት ቀናት አሳልፎ፣ ለእሳት ቀረበ። በዚያ ቀን ሶፋ ሰሪው ከነክራቫቱ መጣ። እህቱ በር ላይ ተቀበለችው።

«ባለቤት መመልከት ይፈቀድለታል። ና ግባ እይ» አለችው።

«እኔ? ስድስት ቀን የሰፋሁትን ሲያነዱት ላይ?»

«አዎ።»

«እትዬ፣ ልጁን ሲገርፉት ቆሞ የሚያይ አባት አይተሻል?»

«ልጅህ ስፖንጅ ነው፣ ማሙሽ። ና እይ።»

አልገባም። ግቢው በር ላይ ከዘበኛው ጋር፣ ጀርባውን ለሕንፃው ሰጥቶ ተቀመጠ። ዘበኛው ደግ ሰው ነው፤ ጭስ ማውጫው ሲጨስ «አሁን ጀመሩ» ይላል፣ ሲጠቁር «ኧረ ይሄስ ጠቆረ» ይላል። ሶፋ ሰሪው ጆሮውን ይይዛል። ከሰዓት በኋላ እህቱ ፊቷን ጥላሸት ነክቶት ወጣች።

«አለፈ?»

«ሪፖርቱ በፖስታ ይደርስሃል።»

«እህቴ አይደለሽም እንዴ?»

ሰዓቷን አየች። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አይደለሁም።»

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አብረው በአውቶቡስ ወደ ቤት ሄዱ። ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጎረቤት ድመት አወሩ። ስለ ወንበሩ አንዲት ቃል አልወጣትም። ሪፖርቱ ሲመጣ ወድቋል ይላል። በሪፖርቱ ግርጌ አንድ ጥያቄ አለ፤ የተቃጠለው ቅሪት ለባለቤቱ ይመለስ ወይስ ይጣል? ሶፋ ሰሪው «ይጣል» ብሎ ጻፈ፤ ብዕሩን ወረቀቱ እስኪበሳ ተጭኖ።

ለሁለተኛው ወንበር ስፖንጁን ቀየረ። ወደቀ። ለሦስተኛው ጨርቁን ቀየረ። ወደቀ። ለአራተኛው ከጨርቁ ሥር እሳት የሚከላከል ወፍራም ሽፋን አገባ፤ ዋጋው ሚስቱን አሳቃት። «እኛ እንኳ እንዲህ ያለ አንለብስም» አለችው። ያም ወደቀ። አምስተኛውን ሽፋኑን ደርቦ፣ መቀመጫውና መደገፊያው የሚገናኙበትን ስንጥቅ አጥብቦ ሠራው፤ እዚያች ስንጥቅ ላይ ነው ነበልባሏን የሚያስጠጉት። አምስተኛው ከሁሉም ይልቅ ቆየ። ከዚያ እሱም ወደቀ።

በየጊዜው በር ላይ ያለው ንግግር አንድ ነበር።

«ማሙሽ፣ ና ግባና እይ።»

«አላይም አልኩሽ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ። ዓይንህን ከፍተህ።»

«ጨክነሽ ጨክነሽ እኔንም ልታስጨክኚኝ ነው?»

በአምስተኛው ወንበር ቀን ግን አልሳቀችም። እጁን ያዘችው፤ የሥራ ጓንቷን እንዳጠለቀች። «ይህን ያህል ዓመት ሶፋ ሠራህ» አለችው፣ «አንድ ቀን እንኳ እሳት እንዴት አድርጎ እንደሚፈታው አላየህም።» እሱ ደግሞ የልቡን ተናገረ። «ሌላ ሰው ቢሆን ይሄኔ አሳልፎኝ ነበር።» ጓንቷን ለቀቀችው። ባለመነጽሩ በስተኋላ ቆሞ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር።

ያን ቀን በአውቶቡስ አብረው አልሄዱም። እሑድም አልመጣችም፤ ጉልበቷን እንዳመማት በስልክ ተናገረች። የሚቀጥለው እሑድ ግን መጣች፣ መጥረጊያውን አነሳች፣ ተጫነችው። ሶፋ ሰሪው በኩርፊያ ወዲያው ተነስቶ ወጣ። «ዘጠኝ ሰኮንድ!» ብላ እየጮኸች ተከተለችው። «ማሙሽ ተቀየመ፣ ዕድሜው ረዘመ!» ሁለቱም ደጅ ላይ ቆመው ሳቁ፤ ነገሩ እዚያው አለቀ። ይህ ከመሞቷ ሁለት ሳምንት በፊት ነው።

ከቀብር በኋላ ቤቱ ሰው ሞላ። ከጎረቤት የመጣ አግዳሚ፣ ከሱቁ የመጣ ሶፋ፣ ያልተሸጠ ወንበር ሁሉ ተደረደረ። ባለመነጽሩም መጥቶ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ሁሉም አቀርቅሮ ሳለ የሶፋ ሰሪው ሚስት ድንገት ቀና አለች።

«በሩ!» አለች። «በሩን በወንበር ዘግተነዋል እኮ። እትዬ ብታይ ምን ትለን ነበር?»

ሰው ሁሉ እንደ ታዘዘ ተነሳ። አግዳሚው ወደ ግድግዳ ተገፋ፣ ሶፋው ተጎተተ፣ እስከ ደጅ ድረስ ሰፊ መንገድ ተከፈተ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤት «ስንት ሰኮንድ ፈጀብን?» አሉ። መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። ከዚያ ባለመነጽሩ መነጽሩን አውልቆ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ አልለየም፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ባለመነጽሩ ሊሄድ ሲል ሶፋ ሰሪውን ደጅ ላይ ጠራው።

«መደርደሪያዋን ባዶ አድርጉ ብለውናል። ያንተ ዕቃ አለበት።»

«የእኔ ምን ዕቃ?»

«መጥተህ ብታይ ይሻላል። እኔ ምንም አላልኩም።»

ሶፋ ሰሪው በሦስተኛው ቀን ሄደ። ዘበኛው እንደ ልማዱ ወንበር ሊስብለት ብድግ አለ። «ዛሬ እገባለሁ» አለው ሶፋ ሰሪው። ዘበኛው ወንበሩን እንደያዘ ቀረ።

ከማቃጠያው አዳራሽ ጀርባ ረጅም የብረት መደርደሪያ ነበር። ባለመነጽሩ መብራት አበራ። አምስት ወንበሮች በተርታ ተቀምጠዋል። ጥቁር፣ የተሸበሸቡ፣ ግማሹ አጥንቱ የወጣ፣ ግን እግራቸውን አስተካክለው፣ እንደ ቤተሰብ ፎቶግራፍ። ሶፋ ሰሪው የመጀመሪያውን ከተረፈችው የቀይ ጨርቅ ቅዳጅ አወቀው። በእያንዳንዱ እግር ላይ ካርቶን ታስሯል። ቀኑ አለ፣ ተራ ቁጥሩ አለ፣ ከሥሩ ደግሞ በእህቱ ወፍራም ጽሕፈት «ባለቤቱ እስኪያይ አይጣል» ይላል። አምስቱም ላይ።

«'ይጣል' ብዬ ፈርሜ ነበር እኮ» አለ።

«ፈርመሃል። የማስቀመጫው ጊዜ ሲያልፍ ደግሞ ራሷ በእጇ እየጻፈች ታራዝመው ነበር። አለቃው ሁለት ጊዜ ተቆጥቷታል።»

ሶፋ ሰሪው ተንበረከከ። መጀመሪያ ዝም ብሎ ነካቸው፤ ጥላሸቱ ጣቱን አጠቆረው። ከዚያ የሙያ ዓይኑ ከሐዘኑ ቀድሞ መሥራት ጀመረ። አራተኛውን አየ። ወፍራሙ ሽፋን አልተቃጠለም! ጠቁሯል፣ ግን አልተበሳም። ታዲያ ስፖንጁ እንዴት ነደደ? አምስተኛውን አየ። ሽፋኑ እዚያም ደህና ነው። ግን መቀመጫውና መደገፊያው በሚገናኙበት፣ በስፌቱ መስመር፣ ጨርቁም ሽፋኑም እንደ ተከፈተ አፍ ተላቅቋል። የተቀደደ አይደለም፤ የመርፌው ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ተሰልፈው ይታያሉ። ውስጣቸው ግን ክር የለም። ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ሁለተኛው፣ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። ሁሉም አፋቸውን የከፈቱት እዚያው ስፌት ላይ ነው።

እጁን ኪሱ ከተተ። ከኪሱ የማይጠፋው የናይለን ክር ነበር። ጠንካራው፣ የሚያብረቀርቀው፣ ለሃያ ስምንት ዓመት የማለበት ክር። ስፖንጅ ቀይሯል፣ ጨርቅ ቀይሯል፣ ሽፋን ደርቧል፤ ሁሉንም የሰፋው በዚሁ ነው። እሳቱ ሲቀርበው ክሩ ከሁሉ በፊት እንደ ስኳር ይቀልጣል፣ ስፌቱ ይከፈታል፣ ነበልባሏም በተከፈተው አፍ ሰተት ብላ ትገባለች። በመስታወቱ በኩል ለግማሽ ደቂቃ ያየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር።

«ምን አየህ?» አለ ባለመነጽሩ።

«ክሩን።»

«እኔ ምንም አላልኩም።»

«እሷም አላለችም» አለ ሶፋ ሰሪው።

ግን ብላለች። አምስት ጊዜ ብላለች። መናገር የሚፈቀድላት «ና ግባና እይ» ብቻ ነበር፤ ያችኑ ቃል እየደጋገመች፣ በቀልድም በቁም ነገርም፣ በመጨረሻም እጁን ይዛ ተናግራለች። እሱ ደግሞ ለስፖንጅ አዝኖ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። «ምንድን ነው?» እያለ። ከአርባ አንድ ሰኮንድ በላይ ፈጀበት።

ቤቱ ሲመለስ ስድስተኛው ወንበር ተሠርቶ አልቆ ሱቁ ውስጥ ቆሞ ነበር። ያማረ ወንበር ነው፣ አረንጓዴ። ሚስቱ ሻይ ይዛ ስትገባ ባሏ መሬት ላይ ተቀምጦ ስፌቱን ሲተረትር አገኘችው።

«ምን ነካህ? ከለቅሶው በፊት አለቀ ያልከኝን!»

«ስንት ኪሎ ክር ነው የገዛሁት ባለፈው?»

«ዕድሜ ልክህን የሚበቃህን።»

«አንሶላ ስፊበት እንግዲህ።»

ከመንገዱ ማዶ ለብረት በያጆች ሽርጥና ጓንት የምትሰፋ ሴት አለች። የብየዳ ፍንጣሪ የሚዘንብበትን ነገር በምን እንደምትሰፋ ጠየቃት። ቢጫ፣ ሻካራ፣ ለዓይን የማይማርክ ክር አሳየችው። ጫፉን በክብሪት ሞከረው፤ ጠቆረ እንጂ አልቀለጠም። «ስፌትህ ግን ያስጠላል» አለችው በሐቀኝነት። እውነቷን ነው። በአረንጓዴው ላይ ቢጫው ከሩቅ ይታያል። ሶፋ ሰሪው በሕይወቱ እንዲህ ያለ አስቀያሚ ስፌት ሰፍቶ አያውቅም፤ ሦስት ቀን ፈጀበት፣ አንድም ምስማር አፉ ውስጥ አላስገባም።

ወንበሩን ራሱ ተሸክሞ ወሰደው። ባለመነጽሩ ቅጹን ሰጠው። «ባለቤቱ ይመለከታል?» ከሚለው ፊት፣ አምስት ጊዜ «አይ» ያለበት ቦታ ላይ፣ «አዎ» ብሎ ጻፈ። ከግርጌ ደግሞ ቅሪቱ «ይመለስ» አለ። የፈታኝ ስም የሚጻፍበት መስመር ባዶ ነው። እሷን የሚተካ ሰው ገና አልተቀጠረም፤ ባለመነጽሩ ይለካል እንጂ ለማቀጣጠል ፈቃድ የለውም። የአረጋውያን መኖሪያው ኃላፊ ደውላ እስከ ወሩ መጨረሻ እንደምትጠብቅ ነግራዋለች። ከዚያ በኋላ ለሌላ ትሰጣለች።

እሑድ ዕለት የሶፋ ሰሪው ሚስት መጥረጊያውን አነሳች። የእትዬ የሩጫ ሰዓት ከላቦራቶሪው በካርቶን መጥቶ ነበርና በሌላ እጇ እሱን ያዘች። ባሏ ሰባት ሰኮንድ ላይ ደጅ ነበር። በእጁ ምንም አልያዘም።

ወንበሩ ማቆያ ክፍል ውስጥ ነው። ገና አልተቃጠለም።